የወረፋው ጸሐፊ

ለሊሴ በንቲ የሥራ አውደ ርዕዩን ግቢ አንድ ቀን ቀድማ አይታው ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሠራተኞቹ ገና የድንኳን ብረት ሲገጣጥሙ፣ ላፍቶ አካባቢ ካለው የወጣቶች ማዕከል አጥር ውጭ ቆማ በሩ በየት በኩል እንደሆነ፣ ጥላው የት እንደሚውል፣ መጸዳጃ ቤቱ ወዴት እንደሆነ ተመለከተች። ሰው ሲበዛባት መናገር ያቅታታል፤ ቢያንስ ቦታው አዲስ እንዳይሆንባት ብላ ነው። በሩ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት የአርባ ሁለት ድርጅቶችን ስም አንድ በአንድ አንብባ፣ አንዱን ብቻ ደብተሯ ላይ ጻፈች፤ የወተት ማቀነባበሪያውን። ድንኳኑ ከበሩ በስተግራ ሦስተኛው፣ ከጥቁሩ የውሃ ሮቶ አጠገብ ነው።

«አንድ ብቻ?» አለቻት ጎረቤቷ ሀኒፋ በማግስቱ ማለዳ፣ ጀሞ ላይ ታክሲ ሲጠብቁ። ሀኒፋ አርባ ሁለት ሲቪ ኮፒ አስደርጋ በፌስታል ይዛለች። «እኔ ሁሉም ጋ ነው የምበትነው፤ አንዱ ይይዛል። አንቺ ደግሞ ባል የምትመርጪ ነው እንዴ የሚመስልሽ?»

«አርባ ሁለት ሰው ማናገር አልችልም።»

«አንዱንስ ትችያለሽ?»

ለሊሴ ራሷን ስትጠይቅ የሰነበተችው ይህንኑ ነበር።

ሃያ አራት ዓመቷ ነው። አባቷ አቶ በንቲ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ በቀረቻቸው ግቢ ዛሬም አራት ላም አላቸው። ድሮ ስንዴ የሚዘሩበት መሬት ላይ አሁን ፎቅ ቆሟል፤ ከፎቁ የሚወርዱት ሰዎች ናቸው ጠዋት ጠዋት ወተት የሚገዟቸው። ለሊሴ በዚያ ወተት አደገች፤ ትምህርት ስትመርጥም የምግብ ቴክኖሎጂ አለች። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ከተመረቀች ሁለት ዓመት አልፏታል። በጽሑፍ ፈተና ማንም አይቀድማትም ነበር። ለቃለ መጠይቅ ግን ሦስት ጊዜ ቀርባ፣ ሦስቱንም ጊዜ «አይሰማም፣ ጮክ በይ» ሲሏት ያለው ድምፅም ጠፍቶባት ወጥታለች።

ታላቅ ወንድሟ ኮርሳ፣ ሀይሌ ጋርመንት በሚባለው ሰፈር የጫማ ሱቅ ከፍቷል። በር ላይ ቆማ አላፊ አግዳሚውን «ግቡ፣ እዩት፣ ለክታችሁ ሂዱ» እያለች የምትጠራለት ልጅ ፈለገ። «እህቴ ቤት ተቀምጣ ሰው አልቀጥርም» አለ። አባቷም የልጃቸው ከቤት መዋል ስላሳሰባቸው ተስማሙ። ለሊሴ የለመነችው ይህችን አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው። አውደ ርዕዩ ላይ ከቀናት ቀናት፤ ካልሆነ ሰኞ ጠዋት ሱቁ በር ላይ ትቆማለች። የማታውቀውን ሰው ቀኑን ሙሉ ስትጣራ ትውላለች።

ግቢው አንድ ሰዓት ላይ ተከፈተ። ድርጅቶቹ ሥራ የሚጀምሩት ሦስት ሰዓት ነው። ሀኒፋ ፌስታሏን አንጠልጥላ ወደ መጀመሪያው ረድፍ ስትሮጥ፣ ለሊሴ በስተግራ ወዳለው ሦስተኛ ድንኳን ሄደች። ሰባት ሰው ቀድሟታል። ስምንተኛ ሆና ቆመች። ከኪሷ እስክሪብቶዋንና ሦስት ትንንሽ ካርዶች አወጣች፤ በእያንዳንዱ ላይ ስለ ራሷ የምትለውን አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋለች። ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ትደግማቸው ጀመር።

ከሰልፉ መጀመሪያ ላይ ወጋየሁ የሚባል፣ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል ያደረገ ጎልማሳ ቆሟል። ስሙን ያወቀችው ራሱ ለሁሉም ስለሚናገር ነው። «ስሙኝማ! ዝርዝር ካልያዝን ሦስት ሰዓት ሲሆን መረጋገጥ ነው የሚሆነው» አለና ከደብተር አንድ ሉክ ገንጥሎ፣ አንድ ብሎ የራሱን ስም ጻፈ። እስከ ሰባት እንደደረሰ እስክሪብቶው ደረቀበት። ነቀነቀው፣ መዳፉ ላይ ሞከረው፣ እምቢ አለ። ዞር ሲል በለሊሴ እጅ ካርዶቹንና እስክሪብቶዋን አየ።

«ውይ፣ ጽሕፈትሽ እንዴት ያምራል! በይ አንቺው ጻፊ፤ የኔን ማንም አያነበውም።» ወረቀቱን እጇ ላይ አስቀመጠላት።

ለሊሴ ተቀበለች። እምቢ ማለት ራሱ መናገር ይጠይቃል። ከሰባተኛው ስም ሥር ለራሷ አንዲት መስመር ለየች፤ ነገር ግን እስክሪብቶዋን ስታሳርፍ አምስት ስድስት ሰው ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሎ ጣቷን ያያል። «እኔን ጻፊኝ እህቴ፣ ያሕያ!» «ከሱ በኋላ እኔ፣ ቤተልሄም!» ሰው እያየ የራስን ስም ማስቀደም ነውር ሆነባት። ይህን ልጻፍና ከዚያ የራሴን፣ አለች በልቧ። መስመሯን ባዶ ትታ ቀጥላ ያለው ላይ «8. ያሕያ» አለች። ከዚያ ዘጠኝ መጣ። ከዚያ አሥር። ሰዉ እንደ ታክሲ ሰልፍ ከኋላ ይጨመራል፤ አንዱ የአባቱ ስም ተሳስቷል ይላል፣ ሌላዋ ተራዋን ስንት እንደሆነ ሦስት ጊዜ ትጠይቃለች። ቀና ስትል ወረቀቱ በሁለቱም ገጽ ሞልቶ ሰባ ሁለት ሰው ጽፋለች። የራሷ ስም የለም።

ሦስት ሰዓት ላይ የድንኳኑ ጥበቃ ጋሽ ሮበሌ መጡ። ዝርዝሩን ተቀብለው ወደ ውስጥ ገቡና ተመለሱ።

«እስከ ስድስት ሰዓት የሚያናግሩት ስልሳ ሰው ብቻ ነው፤ ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ። የሚፈልጉት አራት ሠራተኛ ነው። ከስልሳ በታች ያላችሁ ሌላ ድንኳን ሞክሩ፤ አታድርቁን።» ከስልሳኛው ስም ሥር በቀይ አስምረውበታል።

ከኋላ ያለው ሰው አጉረመረመ። ለሊሴ ወረቀቱን ከሩቅ አየችው። ከቀዩ መስመር በላይም በታችም እሷ የለችም። ተናገሪ፣ አለችው አፏን። ስምንተኛ ነበርኩ በይ። አፏ አልሰማትም።

ጋሽ ሮበሌ ወረቀቱን አርቀው አቀረቡ፤ መነጽራቸውን አልያዙም። «ወጋ... ወጋየሁ! ግባ። ቀጥሎ... ሀ... ሃም...»

«ሃምዛ!» ጮኸ ባለ ስሙ ተናዶ።

«የላይኛው አይነበብ፣ የታችኛው ደቃቃ! ማነው የጻፈው?»

ሁሉም ጣቱን ወደ ለሊሴ ቀሰረ።

«ነይ ልጄ፣ አንቺው ጥሪ። እዚህ በሩ ጋ ቁሚ።» ወረቀቱን መልሰው ሰጧት።

እንዲህ ሆኖ ነው ለሊሴ መቶ ከሚሆን ሰው ፊት የቆመችው። ሦስተኛውን ስም ጠራች፤ ከራሷ በቀር የሰማው የለም።

«አይሰማም!»

«ማይክ ስጧት!»

«ኧረ ተዋት፣ ለራሷ ነው የምታነበው!»

ሳቁ ጆሮዋ ውስጥ ጋለ። ወረቀቱን ጥላ ለመሄድ እግሯ ተነስቶ ነበር። ግን ብትሄድስ ወዴት ነው የምትሄደው? ዓይኗን ከሰዉ ፊት ላይ አነሳችና አጥሩን አየች፤ ከአጥሩ ወዲያ ባዶ ሜዳ አለ። ለሊሴ ሰው ፊት አትናገር እንጂ፣ አመሻሽ ላይ ላሞቹን ከወንዙ ዳር ስትጠራ ድምፅዋ ማዶ ይደርስ ነበር። ስሙን ሳብ አድርጋ፣ መጨረሻውን አንስታ፣ በሰዉ ራስ ላይ አሳልፋ ወደ ሜዳው ጣለችው።

«ሙሐመድ ከሊልልል!»

«አቤት» ብሎ አንድ ልጅ ደንግጦ ወጣ።

«ከብት ነው እንዴ የምትጠሪው?» አለ አንዱ ከመሀል፤ ሰዉ ሁሉ ፈነዳ። እሷ ግን ስሙ በደረሰበት ርቀት ራሷ ተገርማ አራተኛውን ጠራች። አምስተኛውን። እየቆየ ሲሄድ የሚሳለቀው ዝም አለ፤ ሁሉም ተራው እንዳያልፈው የሷን ድምፅ መጠበቅ ነበረበት።

ሰባተኛውን ጠርታ ዓይኗ ባዶዋ መስመር ላይ አረፈ።

በዚያው ሰዓት ሀኒፋ መጣች፤ ፌስታሉ ግማሽ ሆኗል። «እስካሁን አልገባሽም? አንቺ ጠሪ ነሽ እንዴ?» ወረቀቱን አጮልቃ አየች። «ስምሽ የታለ?»

ለሊሴ በጆሮዋ ነገረቻት።

«ጤና የለሽም! ይኸው ባዶ መስመር፣ ይኸው እስክሪብቶ። ጻፊና ግቢ። ማን ያውቃል?»

ማንም አያውቅም። ወረቀቱ በእጇ ነው፣ ጽሕፈቱ የራሷ ነው። ግን ስልሳ ተቆጥሮ ተሰምሮበታል፤ እሷ ከገባች ስልሳኛው ይወጣል። ስልሳኛው ማን እንደሆነ ደግሞ ታውቃለች። ሙሴ ይባላል፣ ፋይሉን በፕላስተር የጠገነ ቀጭን ሰው። ሁለት ጊዜ መጥቶ «እህቴ፣ የመጨረሻው እኔ ነኝ አይደል? ከመስመሩ በላይ ነኝ አይደል?» ብሏታል። ሁለቴም «ነህ» ብላዋለች።

«አልጽፍም» አለች።

«እንግዲያው ሰኞ ጫማ ትሸጫለሽ!» ሀኒፋ ተናዳ ወደ ሌላው ረድፍ ሄደች።

ለሊሴ «ስምንት፣ ያሕያ አማንንን!» ብላ ጠራች።

የቆመችበት ቦታ ከጠረጴዛው አምስት እርምጃ አይሆንም። ከኋላዋ የሚባለው ሁሉ ይሰማታል። አመልካቾቹን የምትጠይቀዋ ሴት ወይዘሮ ተናኘ ትባላለች፤ የጥራት ክፍሉ ኃላፊ ናት፤ ጸጉሯን በሻሽ ሸብ ያደረገች፣ ስትሰማ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ የምታንከባልል። ከጎኗ አንድ ወጣት በኮምፒዩተር ይመዘግባል። ለሁሉም የምትጠይቀው አንድ ነው፤ ውሃ የተጨመረበት ወተት በምን ይታወቃል? የሚመልሱትም አንድ ነው፤ ላክቶሜትር ይከተታል፣ የመስታወቱ ዘንግ ከመስመሩ በታች ከሰመጠ ውሃ አለው፣ ወተቱ ይመለሳል። ወይዘሮ ተናኘ «እሺ፣ እናመሰግናለን» ትላለች። ለሊሴ ይህን «እናመሰግናለን» ስትሰማ አንድ ነገር መናገር እያሰኛት፣ ፊቷን ወደ ሰዉ መልሳ ሌላ ስም ትጠራለች።

አምስት ሰዓት አለፈ። ፀሐዩ የድንኳኑን ሸራ አጋለው። አርባ አንድ ላይ ደረሰች።

«ሪሐና ሸምሱሱሱ!»

ማንም አልወጣም። ደግማ ጠራች። ሰዉ ግራ ቀኝ ተያየ።

«ከሌለች ሰርዣት» አሉ ጋሽ ሮበሌ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ከጠዋት ጀምሮ ሲያዩዋት ውለዋል። «አንቺም ሥራ ፈልገሽ አይደል የመጣሽው? በሷ ቦታ ግቢ። እኔ አላየሁም።»

የለሊሴ እስክሪብቶ ጫፍ «ሪሐና» ላይ ደርሷል። ይህ መስረቅ አይደለም፤ ባለቤቷ የለችም። የታክሲ ሰልፍ ላይ ቢሆን ማንም አይወቅሳትም። ግን ልጅቷን ታስታውሳታለች፤ ስሟን ስታስጽፍ «የሸምሱ ሸ በደንብ ይታይ» ብላ አስደግማታለች። እንዲያ ያለች ሴት ተራዋን ትታ አትሄድም።

«አንዴ ልድገመው ጋሼ» አለች። ወደ በሩ ዞራ፣ እጆቿን አፏ ላይ አድርጋ፣ ከሁሉም ጊዜ አብልጣ ጠራች። ድምፁ ከግቢው ወጥቶ አስፋልቱን ተሻገረ።

ትንሽ ቆይቶ፣ በሩ ላይ አንዲት ልጅ ወረቀቷን ደረቷ ላይ አቅፋ ስትሮጥ ታየች። «አለሁ! አለሁ! ፎቶ ኮፒ ቤቱ መብራት ጠፍቶበት ነው!» እያለከለከች ለሊሴን አልፋት ገባች። አመሰግናለሁም አላለች።

ጋሽ ሮበሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ ራስሽ ነሽ ያመጣሽው» አሉ።

አርባ ሁለት። አርባ ሦስት። ከዚያ በኋላ ያለውን ለሊሴ በደንብ አታስታውሰውም። ድምፅዋ መሻከር ጀምሯል። አንድ ሰው በገባ ቁጥር አንድ በር የሚዘጋባት መሰላት።

ስድስት ሰዓት ከአሥር ላይ ሙሴን ጠራች። ፋይሉን ይዞ ከንፈሩን እየላሰ ገባ፤ ሦስት ደቂቃውን ጨርሶ ወጣ። ወጣቱ ኮምፒዩተሩን ከደነ። ወይዘሮ ተናኘ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች፤ ቦርሳዋን ከወንበሩ ሥር አነሳች። ከበሩ ፊት የነበረው ሰው ተበትኖ ሦስት አራት ሰው ብቻ ቀርቷል።

አሁን ካልተናገረች ሌላ ጊዜ የለም። ዞራ፣ ሁለት እርምጃ ሄዳ፣ «እኔም አለሁ» ማለት ነው። ሁለት ቃል። ለሊሴ ዞረች። የወይዘሮ ተናኘን ፊት ስታየው ሁለቱም ቃል ጠፋባት። ፊቷን መልሳ ወደ ሜዳው አዞረች፤ እግሯም ወደ መውጫው ሊሄድ ነበር። ወረቀቱን አየች። ከጠዋት ጀምሮ ያልከዳት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ስም መጥራት።

«ስልሳ አንድ» አለች። ከዚያ ሳብ አድርጋ፦ «ለሊሴ በንቲቲቲ!»

ጋሽ ሮበሌ ደነገጡ። «ስልሳ አንድ የለም እኮ! ማናት?»

«አቤት» አለች ለሊሴ፤ ወረቀቱን አጥፋ ወደ ድንኳኑ ገባች።

ወጣቱ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ወይዘሮ ተናኘ አልሳቀችም። «ስልሳ ብለን ነበር» አለች።

«አዎ። ስምንተኛ ነበርኩ። ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰው እያየኝ የራሴን መጻፍ አፍሬ ነው።»

«ይሄ መልካም ነገር መስሎሽ ከሆነ አይደለም» አለች ወይዘሮ ተናኘ። «እኔ ጋ የሚሠራ ሰው ያየውን መጻፍ አለበት፤ ማንም ትከሻው ላይ ቢቆም።»

«ልክ ነዎት» አለች ለሊሴ።

ሴትዮዋ ሰዓቷን አየች። «ሁለት ደቂቃ። ተቀመጪ። ውሃ የተጨመረበት ወተት...»

«ይቅርታ» አለች ለሊሴ። ራሷ መሆኗን አላመነችም። «ይህን ጥያቄ ከጠዋት ጀምሮ ከኋላዬ ስሰማው ነበር። መልሱንም ስልሳ ጊዜ ሰምቻለሁ። እንዲያው ሳልነግርዎት እንዳልቀር ብዬ ነው።»

እስክሪብቶው መንከባለሉን አቆመ። ወጣቱ ቀና ብሎ አያት።

«እንግዲያው ሌላ እጠይቅሻለሁ፤ ይከብዳል» አለች ወይዘሮ ተናኘ። «ገበሬው ወተቱን አምጥቷል። ላክቶሜትሩ ሰምጧል። ገበሬው ጠብታ ውሃ አልጨመርኩም ብሎ ይምልልሻል። ከኋላው ሃያ ሰው ተሰልፏል። ማንን ታምኛለሽ? ገበሬውን ወይስ መሣሪያውን?»

ወጣቱ ኮምፒዩተሩን ወደ ቦርሳው ማስገባት ጀመረ።

«ሁለቱንም ገና አላምንም» አለች ለሊሴ በመጨረሻ። «መቼ እንደታለበ እጠይቀዋለሁ።»

«ለምን?»

«ሲታለብ ሞቆ ነው የሚወጣው። በዚያ ሙቀቱ ከተለካ ዘንጉ ይሰምጣል፤ ውሃ የሌለውን ወተት ውሃ አለው ያሰኛል። ስለዚህ ወተቱን ለብቻ አስቀምጬ፣ የሚቀጥለውን ሰው አስተናግዳለሁ። ሲበርድ ቴርሞሜትር ከትቼ እንደገና እለካለሁ። ያኔም ከሰመጠ ገለል አድርጌ ነው የምነግረው፤ ሰዉ ፊት አልደፋበትም።» ትንፋሽ ወሰደች። «አባቴ አንድ ጊዜ ወተቱን እንደታለበ ወደ መሰብሰቢያ ተሸክመው ወስደው ውሃ ነው ተብሎ ቦይ ውስጥ ተደፋባቸው። ሰዉ ሁሉ ያይ ነበር። ውሃ አልጨመሩም፤ ያለብኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ እዚያ ቦታ ወተት አልሰጡም።»

ወይዘሮ ተናኘ «እናመሰግናለን» አላለችም። ከቦርሳዋ ብጣሽ ወረቀት አውጥታ ጻፈችበት።

«ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ለተግባር ፈተና። ስምንት ሰው ጠርቻለሁ፤ ከአንቺ ጋር ዘጠኝ ሆናችሁ። ቦታው ግን አራት ነው፤ ይህን እወቂ።» ወረቀቱን ስትሰጣት ጨመረችበት። «እዚያ ድምፅ አያስፈልግሽም። እጅሽን ነው የማየው።»

ለሊሴ ከድንኳኑ ወጥታ ከሮቶው ጀርባ፣ ማንም በማያይበት፣ የተገለበጠ የቢራ ሳጥን አግኝታ ተቀመጠች። የሰዉ ጫጫታ ከጆሮዋ እስኪወጣላት ድረስ ከሮቶው የምትንጠባጠበውን ውሃ አየች። ሃያ ደቂቃ ያህል። ሀኒፋ እዚያ አገኘቻት፤ ፌስታሉ ባዶ ነው።

«አርባ ሁለቱንም ጨረስኩ!» አለች፤ ወዲያው የለሊሴ እጅ ላይ ያለውን ብጣሽ ወረቀት አየች። ነጥቃ አነበበችው፣ ጮኸች፣ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። «ምን ብለሽ ነው? ንገሪኝ፣ ምን ብለሽ ነው?»

ለሊሴ ጉሮሮዋን በጣቷ አሳየቻት። ድምፅዋ ሊዘጋ ምንም አልቀረውም ነበር።

ስልኳ ጠራ። ኮርሳ ነው። ለሊሴ ሁልጊዜ ስልክ ሲጠራ ዝም ትልና በጽሑፍ ትመልሳለች። ዛሬ አነሳችው።

«እሺ እህቴ፣ ምን ሆንሽ? ሰኞ ስንት ሰዓት ትደርሻለሽ? ቁልፉን ለማን ልተውልሽ?»

«ሰኞ አልመጣም» አለች በሻከረ ድምፅ። «ፈተና አለኝ።»

«ካለፍሽ ነዋ። ካላለፍሽስ?»

ለሊሴ ብጣሹን ወረቀት ከሀኒፋ እጅ ተቀብላ፣ በጥንቃቄ አጥፋ፣ ከሦስቱ ካርዶች ጋር ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

«ሰኞ ግን አልመጣም» አለችው።